ገበያ ሲቀዘቅዝ የድርጅት ባለቤት ራሱን እንዴት ይጠብቅ? የአሠራር መመሪያ

ሥራዬ የነጋዴዎችን ሒሳብ መያዝ ነው። ገበያ በቀዘቀዘ ቁጥር ያው አንድ ጥያቄ ይመጣልኛል። ሲጀመር ስለ ብር ነው፦ «በዚህ አያያዝ እስከ መቼ እቆያለሁ?» ትንሽ ስናወራ ግን ሌላው ይወጣል። እንቅልፍ የለም፣ ጨጓራ ተነስቷል፣ ቤት ውስጥ ጭቅጭቅ በዝቷል፣ ስልክ ሲጮህ ልብ ይደነግጣል። ለሁሉም በየተራ ከምደጋግመው አንዴ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

መመሪያው ከ5 እስከ 50 ሠራተኛ ለሚያስተዳድሩ ነው። ማተሚያ ቤት፣ ፈርኒቸር፣ ምግብ ቤት፣ የሕንፃ መሣሪያ መሸጫ፣ አስመጪ፣ ሁሉንም ይመለከታል። ውጭ አገር ሆናችሁ ለምትነግዱም አብዛኛው ይሠራል፤ የሕጉንና የግብሩን ክፍል ብቻ ባላችሁበት አገር ተኩት።

ራስን መጠበቅ ስል ለማሳጅና ለሽርሽር ጊዜ አውጡ ማለቴ አይደለም። ድርጅታችሁ ውስጥ ቼክ የሚፈርመው፣ ብድር የሚወስደው፣ ሠራተኛ የሚያሰናብተው አንድ ጭንቅላት ነው። ያ ጭንቅላት ደክሞት የሚወስነው ነገር ገበያው ካመጣው ጉዳት በላይ ሊያስከፍል ይችላል። ከታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ይህን ለመከላከል ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ባለ 50 ሉክ ደብተር። ስልክ ላይ አትጻፉ፤ ምክንያቱ ደረጃ 4 ላይ አለ።
- ግድግዳ ላይ የሚሰቀል የቀን መቁጠሪያ።
- ያለፉት 6 ወራት የባንክ ስቴትመንትና የሽያጭ መዝገብ።
- በራሳችሁ ስም የተከፈተ፣ ከድርጅቱ የተለየ የባንክ ሒሳብ።
- ተራ የማንቂያ ሰዓት።
- ክንድ ላይ የሚታሰር የደም ግፊት መለኪያ። እጅ አንጓ ላይ የሚታሰረው ብዙ ጊዜ ስለሚሳሳት ይቅርባችሁ።
- ሒሳብ የሚገባው፣ ከእናንተ ጋር የጥቅም ግንኙነት የሌለው አንድ ሰው።

ደረጃ 1፦ ስንት ወር እንደቀራችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚቀሰቅሳችሁ አብዛኛውን ጊዜ የማታውቁት ቁጥር ነው። የታወቀ መጥፎ ቁጥር ካልታወቀው ይሻላል፤ ቢያንስ ዕቅድ ይወጣበታል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በእጅና በባንክ ያለውን ገንዘብ ጻፉ። ከዚያ ላይ የእናንተ ያልሆነውን ቀንሱ። ከደንበኛ የሰበሰባችሁት 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከሠራተኛ የቆረጣችሁት የሥራ ግብር፣ የሠራተኛው 7 በመቶና የእናንተ 11 በመቶ ጡረታ፣ እነዚህ ካዝናችሁ ውስጥ ቢሆኑም የእናንተ አይደሉም። ቀጥሎ ሸጣችሁም አልሸጣችሁም በየወሩ የምትከፍሉትን ደምሩ፦ ደሞዝ፣ ኪራይ፣ ጥበቃ፣ መብራት። በመጨረሻ ካለፉት 6 ወራት ውስጥ በጣም ደካማውን ወር ፈልጉና የዕቃና የግብዓት ዋጋ ከተቀነሰ በኋላ የቀረላችሁን ውሰዱ።

ምሳሌ እንስጥ። አንድ ማተሚያ ቤት 750,000 ብር አለው እንበል። ከዚህ ውስጥ 150,000 የታክስና የጡረታ ነው። ቋሚ ወጪው በወር 400,000 ነው። በደካማው ወር ከወረቀትና ከቀለም በኋላ የቀረው 250,000 ነበር። ስለዚህ በየወሩ 150,000 ይጎድለዋል። 600,000 ለ150,000 ሲካፈል 4 ወር ይመጣል። ይህ ሰው አራት ወር አለው። «ነገ እዘጋለሁ» እያለ ከሚያድር፣ በሁለተኛው ወር መጨረሻ ላይ ምን ለማድረግ እንደሚወስን ዛሬ ቢጽፍ ይሻለዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ዱቤ ላይ ያለን ገንዘብ እንደ ጥሬ ገንዘብ አትቁጠሩ። «ሳምንት ይከፍለኛል» ያላችሁት ደንበኛ እሱም ከእናንተ ጋር አንድ ገበያ ውስጥ ነው ያለው።

ገጹን በሳምንት አንዴ አድሱ። ቀኑ የታወቀ ይሁን፣ ለምሳሌ ዓርብ ጠዋት። በየቀኑ ማየት አያስፈልግም።

ግድግዳው ላይ ባለው የቀን መቁጠሪያ ደግሞ ከባዶቹን ቀናት በቀይ አክብቡ። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ያለው ጊዜ በተለይ ክፉ ነው። የትምህርት ቤት ክፍያ፣ ዘመን መለወጫና መስቀል ባንድ ላይ ይመጣሉ። ደረጃ ሀ ግብር ከፋይ ከሆናችሁ የዓመቱ ግብር የመጨረሻ መክፈያ ቀን፣ ጥቅምት 30ም ከኋላ አለች። ቀድሞ የታየ ወር እንደ ድንገተኛው አያስደነግጥም።

ደረጃ 2፦ ለራሳችሁ የተወሰነ ደሞዝ ቁረጡ

ገበያ ሲቀዘቅዝ ባለቤቶች ሁለት ዓይነት ይሆናሉ። አንዱ ለራሱ መውሰድ ያቆማል። ቤቱ በዝምታ ዕዳ ውስጥ ይገባል፤ የልጆች ክፍያ ያልፋል፤ እሱ ግን «ለድርጅቱ እየተሠዋሁ ነው» ብሎ ይጽናናል። ሌላው ከመሳቢያው ሳይቆጥር ያወጣል። ሁለቱም የደረጃ 1ን ሒሳብ ያበላሹታል።

የቤታችሁን የግድ ወጪ ቁጠሩ፦ ቀለብ፣ ኪራይ፣ ትምህርት ቤት፣ መድኃኒት፣ ትራንስፖርት። እሱን ብቻ ደሞዝ አድርጉት። ለሠራተኛ በሚከፈልበት ቀን ወደ ግል ሒሳባችሁ ይግባ። ድርጅቱ ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ በፔይሮል ይግባና ግብሩ ይቆረጥበት። በግል ንግድ ፈቃድ የምትሠሩ ከሆነ የምትወስዱት እንደ ወጪ አይያዝምና ሒሳብ ሠራተኛችሁ ለብቻ ይመዝግበው። መጠኑ ትንሽ ቢሆን ግድ የለም። ዋናው ቋሚነቱ ነው፤ ቤት ያለው ሰው ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል፣ እናንተም ሳንቲም ባወጣችሁ ቁጥር ጥፋተኝነት አይሰማችሁም።

ስለ እቁብ አንድ ነገር ልጨምር። የድርጅቱን ጉድለት ለመሙላት ቶሎ ለመውሰድ ብሎ ትልቅ እቁብ መግባት የተለመደ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከወሰዳችሁ በኋላ ግን የሚቀራችሁ በየሳምንቱ መክፈል ብቻ ነው፤ ያውም ገቢ በሌለበት። ያላችሁበትን እቁብ ቀጥሉ፣ አዲስ አትጀምሩ።

ደረጃ 3፦ የፊርማ ሰዓት ወስኑ

ከሁሉም ደረጃዎች አንዱን ብቻ ምረጥ ብትሉኝ ይህን እመርጣለሁ።

ደንቡ አጭር ነው። ከባድ ነገር የሚፈረመው ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ ነው። አንድ ሌሊት ማደር አለበት። ከእናንተ ሌላ አንድ ሰው ሊያነበው ይገባል። ሦስቱም ካልተሟሉ አይፈረምም።

ከባድ የምለው የትኛውን ነው? ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በራሳችሁ ቃል ዘርዝሩት። የእኔ ደንበኞች ዝርዝር በአብዛኛው እነዚህን ይይዛል፦ ቀኑ ያልደረሰ ቼክ፣ ማንኛውም ብድር፣ የቤት ካርታ ማስያዝ፣ ሠራተኛ ማሰናበት፣ ማሽን ወይም መኪና መሸጥ፣ አዲስ ሸሪክ ማስገባት፣ እና ከተወሰነ ብር በላይ የሆነ ዱቤ።

ለምን ጠዋት? ምሽት ላይ የደከመ ሰው አማራጭ አይፈልግም፤ ከጭንቀቱ የሚገላግለውን የመጀመሪያውን ነገር ይይዛል። አቅራቢ ደውሎ «ዛሬ ቼክ ካልሰጠኸኝ ዕቃው ለሌላ ይሄዳል» ሲል ምሽት 1 ሰዓት ላይ ትፈርማላችሁ፤ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ «ግማሹን ዕቃ በጥሬ ገንዘብ ልውሰድ» ማለት ይመጣላችኋል። ጥያቄው ያው ነው፣ ሰውየው ያው ነው፣ የተለየው እንቅልፍ ነው።

እዚህ ላይ ሦስት ማስጠንቀቂያዎች አሉ።

*ደረቅ ቼክ።* ሒሳባችሁ ውስጥ በቂ ገንዘብ ሳይኖር ቼክ መስጠት በወንጀል ያስጠይቃል። «ለዋስትና ብቻ ነው፣ አላስገባውም» የተባለ ቼክም ባንክ ከቀረበ ያው ቼክ ነው። ክፍያ ማራዘም ካለባችሁ በጽሑፍ የክፍያ ጊዜ ስምምነት ጠይቁ። ያሳፍራል፤ ግን ከፖሊስ ጣቢያ ይሻላል።

*አራጣ።* አራጣ ማበደር ወንጀል መሆኑ ይታወቃል፤ ሰው ግን ደሞዝ ቀን ሲደርስ ይረሳዋል። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ነው። የመጀመሪያው ወር ቀላል ነው፣ አበዳሪውም ጨዋ ነው። ይህን በር ገና ሳትቸገሩ ዝጉት፦ ደብተሩ ላይ «አራጣ አልወስድም» ብላችሁ ጻፉና ሁለተኛው ሰው አይቶ ይፈርምበት።

*ሠራተኛ መቀነስ።* በንዴት ወይም በፍርሃት የተደረገ ስንብት ዋጋው ትልቅ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት በሠራተኛ ቅነሳ ለሚሰናበት፣ የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ ሠራተኛ የሁለት ወር ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ የስንብት ክፍያም አለ። ስለዚህ «ዛሬ ባሰናብት ከነገ ጀምሮ ወጪ ይቀንሳል» የሚለው ስሌት ልክ አይደለም። ከመወሰናችሁ በፊት የእያንዳንዱን ሰው ዕዳ በደብተሩ አስሉ። አንዳንዴ ለጊዜው ሰዓት መቀነስን ተነጋግሮ መስማማት ርካሽ ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛው አንባቢ ማን ይሁን? የትዳር ጓደኛችሁ ጥሩ ነው፤ የጋራ ንብረት ማስያዝ ካለ ፈቃዱ ወይም ፈቃዷ የግድ ነው። ግን ጭንቀቱን ስለሚጋራ ሁልጊዜ ነፃ ዓይን አይኖረውም። ሒሳብ አዋቂ ዘመድ ወይም በሌላ ዘርፍ የሚነግድ ጓደኛ ይጨመር። ብር ሊያበድራችሁ የሚችል ሰው ግን አይሁን።

ደረጃ 4፦ እንቅልፉን እንደ ቀጠሮ ያዙት

አዋቂ ሰው በሌሊት ቢያንስ 7 ሰዓት መተኛት አለበት። ማታ 4 ሰዓት ተኝቶ 11 ሰዓት መነሳት ማለት ነው። የሚረዳው እንዲህ ማድረግ ነው፦

ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ ቡና አቁሙ። ከጠጣችሁት ካፌይን ግማሹ እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። 10 ሰዓት ላይ የጠጣችሁት ማታ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ አለ። ቤት ቡና ከተፈላ ከአቦሉ ቅመሱና ቶናና በረካውን ለሌሎች ተዉ።

ስልኩ መኝታ ቤት አይደር። ለዚህ ነው የማንቂያ ሰዓትና ደብተር የጠየቅኳችሁ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን ብዙ ነጋዴ ሌሊት ተነስቶ የዶላር ዋጋ ቴሌግራም ላይ ያያል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚከፈት ባንክ የለም። ጠዋት ስታዩት ያው ቁጥር ነው።

ከነቃችሁና 20 ደቂቃ ያህል ካለፈ አልጋ ላይ አትገላበጡ። ተነሱ፣ ሌላ ክፍል ተቀመጡ፣ የሚያሳስባችሁን በአንድ መስመር ደብተሩ ላይ ጻፉ፦ «የኪራዩን ነገር ጠዋት ለአከራዩ መደወል»። ሒሳብ አትሥሩ። እንቅልፍ ሲመጣ ተመለሱ። ይህ የሚሠራው አእምሮ ጉዳዩ የተመዘገበ መሆኑን ሲያውቅ ደጋግሞ ማስታወሱን ስለሚቀንስ ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ መጠጥ ቶሎ ያስተኛል፣ ግን የሌሊቱን ሁለተኛ አጋማሽ ይሰብረዋል። ጫት ደግሞ የልብ ምትና ደም ግፊት ከፍ ያደርጋል፣ እንቅልፍ ያባርራል፤ ከዚያ «ምርቃናውን ለመስበር» መጠጥ ይመጣል። በምርቃና የወጣ የቢዝነስ ዕቅድ በጣም ያምራል። ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ደግማችሁ አንብቡት። የእንቅልፍ ክኒን ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትጀምሩ።

ደረጃ 5፦ ደም ግፊታችሁን ለኩ፣ ሆዳችሁን አታስርቡ

ደም ብዛት ብዙ ጊዜ ምልክት የለውም። ራስ ምታት የለብኝም ብሎ መቅረት አይቻልም።

ከመለካታችሁ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡናና ሲጋራ አይኑር። ለ5 ደቂቃ ጀርባችሁን ደግፋችሁ፣ እግራችሁን ሳታነባብሩ ተቀመጡ። ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ በልብ ቁመት ይሁን። አታውሩ። ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ በመሀል አንድ ደቂቃ እየቆያችሁ፣ ለ7 ቀን ለኩና ደብተሩ ላይ ጻፉ። የመጀመሪያውን ቀን ጥላችሁ የቀሩትን አማካይ አውጡ። አማካዩ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደብተሩን ይዛችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ሰባት ቀን የተጻፈ ልኬት ለሐኪሙ ከአንድ ቀን ልኬት የበለጠ ይነግረዋል።

አስቸኳይ፦ 180/120 ወይም በላይ ካያችሁ 5 ደቂቃ ቆይታችሁ ድገሙት። ካልወረደ በዚያው ቀን ሐኪም ይያችሁ። ከሱ ጋር የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የንግግር መኮላተፍ ወይም የዓይን መደብዘዝ ካለ ግን ወዲያው ሆስፒታል ነው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ 939ም አለ። ራሳችሁ መኪና አትንዱ።

ምግብን በተመለከተ፣ ቁርስ ሳይበሉ በሦስት ስኒ ቡና እስከ 9 ሰዓት መቆየት የጾም ቀን ሳይሆንም የብዙ ነጋዴ ልማድ ነው። ጨጓራው ይነሳል፣ ቁጣው ይጨምራል። የምትጾሙ ከሆነና የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ የመውሰጃ ሰዓቱን ከሐኪም ጋር አስተካክሉ፤ በራሳችሁ አታቋርጡ። የንስሐ አባታችሁን ወይም ኢማሙን ማማከርም ትችላላችሁ፤ ለታመመ ሰው መንገድ አለው።

በሳምንት 150 ደቂቃ መራመድም ያስፈልጋል፣ በቀን 30 ለ5 ቀን። ከሁለት ፌርማታ ቀድሞ መውረድ ይበቃል።

ደረጃ 6፦ ለማን ምን እንደምትናገሩ ለዩ

«ሆድ ይፍጀው» ብሎ መያዝ ለገመና ጥሩ ሊሆን ይችላል። ለድርጅት ዕዳ ግን አይሆንም፤ ቤተሰብ ዕዳውን ከባንክ ደብዳቤ ሲያውቅ ችግሩ ሁለት ይሆናል።

ለትዳር ጓደኛችሁ የደረጃ 1ን ገጽ በሳምንት አንዴ አሳዩ። ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ከዚያ ውጭ ባሉት ምሽቶች የገበያ ወሬ ወደ ማዕድ አይምጣ።

ለሠራተኛ የምትሉት ሌላ ነው። ሹክሹክታው ቀድሟችሁ እየሄደ ነው፤ ዝም ካላችሁ ጎበዙ ሠራተኛ ቀድሞ ሥራ ይፈልጋል። በወር አንድ ቀን ሰብስባችሁ የምታውቁትን ብቻ ንገሩ፦ የዚህ ወር ደሞዝ አለ፣ ትርፍ ሰዓት የለም፣ ቀጥሎ የምንነጋገረው በዚህ ቀን ነው። «ማንም አይነካም» ብላችሁ ቃል አትግቡ። ጭንቀታችሁን የምታራግፉበትም ሰው ሠራተኛ አይሁን። ጸሐፊዋ ወይም ሹፌሩ ቢያዝኑላችሁም የራሳቸው እንጀራ ጉዳይ ነው።

ለጭንቀቱ ሌላ ነጋዴ ፈልጉ። ተፎካካሪ ያልሆነ፣ ከዚህ በፊት የቀዘቀዘ ገበያ ያሳለፈ። በሁለት ሳምንት አንዴ ሻይ ጠጡ።

ደረጃ 7፦ ምክትል ሹሙና አንድ ቀን ጥፉ

ሕጉ ለሠራተኛችሁ በሳምንት ከ48 ሰዓት ያልበለጠ ሥራና በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ለእናንተ የሚሰጥ የለም፤ ራሳችሁ ስጡ። ለምክትሉ በጽሑፍ ገደብ አስቀምጡ፦ እስከዚህ ብር ድረስ ይክፈል፣ ለእነዚህ ደንበኞች ብቻ ዱቤ ይስጥ፣ ለእሳት፣ ለአደጋና ለፖሊስ ካልሆነ አይደውል። ገደቡ ካልተጻፈ በየሰዓቱ ይደውላል፣ እረፍቱም አይሆንም።

ደረጃ 8፦ ከአቅም በላይ ሲሆን እወቁት

ሁለት ሳምንት ሙሉ ባብዛኛው ቀን ደስታ ከጠፋ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ ትንሽ ነገር ካስለቀሳችሁ ወይም ካሳበዳችሁ፣ ከላይ ያለው ብቻውን አይበቃም። ሐኪም ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ትልልቆቹ አጠቃላይ ሆስፒታሎችም የአእምሮ ሕክምና ክፍል አላቸው። አማኑኤል መታየት «አበደ» የሚያስብል የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ በተመላላሽ ታይቶ ወደ ሥራው የሚመለሰው ብዙ ነው።

«ብሞት ዕዳው ይዘጋል» የሚል ሐሳብ ከመጣ አንድም ቀን አትጠብቁ። በዚያው ሰዓት ለቅርብ ሰው ተናገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ ሆስፒታል አብሯችሁ ይሂድ። ይህን ከጓደኛችሁ የሰማችሁ ከሆነም «ቀልዱን ነው» ብላችሁ አትለፉት።

የተለመዱ ስህተቶች

ሠራተኛ ቀንሶ የሁሉንም ሥራ ራስ መሥራት። ማጓጓዙን፣ ሽያጩንም ማታ ሒሳቡንም የሚሠራ ባለቤት የሚያተርፈው አንድ ደሞዝ ነው፤ የሚያጣው ደንበኛ ፍለጋ የሚወጣበትን ጊዜ ነው።

የጤና ምርመራን «ገበያው ሲመለስ» ብሎ ማሳለፍ። ከዚህ ይልቅ የመኪናውን ሰርቪስ ማሳለፍ ይቀላል።

የድርጅቱ ችግር እንዳይታወቅ ብሎ ድግስና መዋጮ እንደ ድሮው መቀጠል። እድሩን ክፈሉ፣ ለቅሶ ድረሱ። ለሠርግ የምትሰጡትን ግን ቀንሱ፤ የሚታዘብ ይታዘብ።

ሁሉንም ደረጃ በአንድ ሰኞ መጀመር። በሦስተኛው ቀን ይተዋል። የመጀመሪያውን ሳምንት ደረጃ 1ንና የፊርማውን ሰዓት ብቻ ያዙ። በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፉንና የደም ግፊቱን ልኬት ጨምሩ። ቀሪው በወሩ ውስጥ ይደርሳል፤ የምክትሉ ነገር ምናልባት ሁለት ወር ይፈጃል።